ለድምፃቸውና ለስማቸው የቆሙት ወይዘሮ ጣይባ ሙሄዲን

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። የተከበራችሁ ሸሆች፣ ከደሴ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ከቦሩ ሜዳ በእግርም በመኪናም መጥታችሁ በዚህ በኮምቦልቻ ድንኳን ከእኛ ጋር ለሦስተኛ ቀን የተቀመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እስላምም ክርስቲያንም ሳትሉ ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ጎረቤቶቻችን፣ አላህ በመልካም ይመልስላችሁ። እኔ የሟቿ ባለቤት የአቶ በሺር ታላቅ ወንድም አብዱልወሀብ ነኝ። በእኛ ዘንድ የሟችን ታሪክ ጽፎ ማንበብ ብዙም የተለመደ ባይሆንም፣ የወይዘሮ ጣይባ ስም ከሥራቸው ተነጥሎ የቀረበት ጊዜ ስለነበረ፣ ቤተሰቡ "ቢያንስ ዛሬ ሙሉው ይነበብ" ብሎ በመወሰኑ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቼ እንዳነብላችሁ ታዝዣለሁ።

ወይዘሮ ጣይባ ከአባታቸው ከአቶ ሙሄዲን እንድሪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ረሂማ በ1941 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ አካባቢ፣ ገብስና ባቄላ እያረሰ ከሚተዳደር ቤተሰብ ተወለዱ። ከአምስቱ ልጆች ሦስተኛ የነበሩት ወይዘሮ ጣይባ ገና በልጅነታቸው የሰውን አነጋገር ሰምተው የመያዝ ልዩ ተሰጥኦ ስለነበራቸው፣ የአጥቢያ ዳኛውን አሳሳል፣ የጎረቤቷን አኩራፊነት፣ የገበያተኛውን ክርክር እየቀዱ ቤተሰቡን ያስቁ ነበር፤ አባታቸውም ልጅ ፊት መሳቅ ክብራቸውን እንዳይቀንስባቸው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቁ እንደነበር እህት ወንድሞቻቸው ዛሬም ይናገራሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የእናታቸው እህት ወይዘሮ ሀምዱ፣ በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ክርና ጨርቅ የሚሸጡባት አነስተኛ ሱቅ የነበረቻቸው ብልህ ሴት፣ "ይህች ልጅ ካልተማረች ወንጀሉ የኔ ነው" ብለው ወደ ከተማ አመጧቸውና ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ከጨረሱ በኋላ በ1959 ዓ.ም. በደሴ በነበረ አንድ ሲኒማ ቤት በትኬት ሻጭነት ተቀጠሩ፤ በሥራው ላይ ሳሉም በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ትኬቱ ተሸጦ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ በአዳራሹ የኋላ በር ቆመው የህንዱንም የጣሊያኑንም የአሜሪካኑንም ፊልም ያለማቋረጥ ሲመለከቱ ኖረዋል። ቋንቋው ባይገባቸውም ተዋንያኑ መቼ እንደሚዘገዩ፣ መቼ ዓይናቸውን እንደሚሰብሩ፣ ዝም ያለ ሰው እንዴት ብዙ እንደሚናገር ከዚያ በር ላይ ተማሩ። አንድ ቀን ለአክስታቸው፣ "ከዚያ ሸራ ላይ የዓለም ሴት ሁሉ ታልፋለች፤ እንደርስዎ የምትናገር ሴት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም" እንዳሏቸው፣ ወይዘሮ ሀምዱም፣ "እኔ ምን ሥራ አለኝ እዚያ? ሱቁን ማን ሊጠብቅልኝ!" ብለው እንደመለሱላቸው በቤታችን ሲነገር የኖረ ጨዋታ ነው።

በ1968 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ መካከል አውቶቡስ ይነዳ ከነበረው ከወንድሜ ከአቶ በሺር ጋር በኒካሕ ተጋቡ። እዚህ ላይ እውነቱን ሸፍኜ ባልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል፤ ጋብቻውን የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ። "ሲኒማ ቤት በር ላይ ስትቆም የኖረች ሴት ለእኛ ቤት እንዴት ትሆናለች?" ብዬ ሽማግሌ እስከማስመለስ ደርሼ ነበር። ወንድሜ ግን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "ጋሼ፣ እኔ የማገባው እሷን ነው፣ በሩን አይደለም" አለኝ። ጋብቻቸውንም አላህ ባርኮ መዲና የተባለች ሴት ልጅና ዘይኑ የተባለ ወንድ ልጅ ሰጣቸው።

ከለውጡ በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም፣ ወይዘሮ ጣይባ በቧንቧ ውሃ ቡድን ውስጥ ገብተው በአጫጭር ድራማዎች መጫወት ጀመሩ። ሌሎቹ በመፈክርና በመዝሙር ሲያደምቁ እሳቸው ምራቷን የምታስጨንቅ አማት፣ ውሃ ወረፋ ላይ የምትሟገት ሴት፣ ልጇን ለዘመቻ የምትሸኝ እናት ሆነው ሲወጡ አዳራሹ አንዴ በሳቅ አንዴ በእንባ ይሞላ ነበር። ሰዎችም "ዛሬ ጣይባ አለች ወይ?" ሳይሉ ከቤታቸው አይወጡም ነበር፤ ከኮምቦልቻም የወንድሜን አውቶቡስ ሞልተው የሚመጡ ነበሩ።

በ1973 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንድ የፊልም ሠሪዎች ቡድን ስለ አንዲት የወሎ ገበሬ ሴት ፊልም ሊሠራ ወደ ደሴ መጣ። የቡድኑ መሪና አዘጋጅ አቶ ብሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የከተማው ሰው ሁሉ የወይዘሮ ጣይባን ስም ስለጠራላቸው አስጠርተው በአራት ሰዎች ፊት ፈተኗቸው። በጽሑፉ ላይ ልጁ የታመመበትን ጎረቤት የምታጽናና ሴት "አይዞህ" ትል ነበር፤ ወይዘሮ ጣይባ ግን ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ሰውየው ከፊታቸው የቆመ ያህል ጎንበስ ብለው "አብሽር፣ አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽረዋል" አሉ። ከፈታኞቹ አንዱ ዓይኑን እንደጠረገ እዚያ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። አቶ ብሩ ግን፣ "ችሎታሽ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን አነጋገርሽ ለፊልም አይሆንም። በሌላ ከተማ ያለ ተመልካች 'አብሽር' ምን እንደሆነ አያውቅም" አሏቸው። ወይዘሮ ጣይባም፣ "ጌታዬ፣ እኔና እርስዎ እስካሁን ስንነጋገር አስተርጓሚ አልጠራንም። አብሽር ያልኩትም ሰው ሳቅፍ ነው፤ ያየ ሰው ትርጉሙን ያገኘዋል" ሲሉ መለሱ።

ጉዳዩ በአነጋገር ብቻ አላበቃም። በፊልሙ ላይ ያለችው ገበሬ አንገቷ ላይ ማተብ እንድታስር ተወስኗል፣ ስማቸውም በሸራው ላይ "ታየች" ተብሎ ቢጻፍ ለጆሮ ይቀላል ተባሉ። ወይዘሮ ጣይባ ማንንም ሳያስቀይሙ፣ "ማተብ ለሚያስሩት ክብር ነው፤ ጎረቤቶቼ ናቸው። ግን የወሎ ገበሬ ሁሉ ማተብ ያስራል ወይ? ስሜንም በተመለከተ፣ ጣይባ ብለው ያወጡልኝ አባቴ በሕይወት አሉ፤ ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው፣ ሄደው እሳቸውን ይጠይቁልኝ" አሏቸው። በሳምንቱ ዋናውን ቦታ የምትይዝ ፀሐይነሽ የምትባል ወጣት ተዋናይ ከአዲስ አበባ መጣች፤ ለወይዘሮ ጣይባም የተሰጣቸው ሥራ እሷን ማስተማር ሆነ። ሻሽ አስተሳሰሩን፣ እንስራ አሸካከሙን፣ ከታላቅ ሰው ፊት አቀማመጡን አንድ በአንድ አስተማሯት። ቂም ቢይዙ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፤ ይሁን እንጂ ልጅቷን ቤታቸው እያመጡ አብልተዋታል፣ ብርድ ሲመታትም አስታመዋታል።

የፊልሙ ትልቁ ቦታ እናቲቱ የልጇን ሞት ሰምታ የምታለቅስበት ነበር። ወይዘሪት ፀሐይነሽ ሁለት ቀን ሙሉ ሞክራ አልሆነላትም። ከካሜራው ፊት ሸሽታ ሄዳ፣ "እትዬ፣ እኔ እንደዚህ አልቅሼ አላውቅም፤ ከየት ላመጣው እችላለሁ?" ብላ በወይዘሮ ጣይባ ጉልበት ላይ ተደፋች። በዚህ ጊዜ አቶ ብሩ ወይዘሮ ጣይባን ከጀርባ ቀርጸው ለቅሷቸውንም በቴፕ አስቀዱ። ወይዘሮ ጣይባ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እናታቸውን አጥተው፣ ጮኸው እንዳያለቅሱ በሸሆቹ ምክር ራሳቸውን ይዘው የነበሩ ሴት ናቸው። በዚያን ቀን ግን ሜዳው ላይ ተንበርክከው ያወጡት ድምፅ፣ መብራት የሚይዘውን ሠራተኛ ሳይቀር ፊቱን እንዲያዞር አደረገው። ቤት ሲገቡ ለአክስታቸው፣ "ዛሬ የእማዬን ለቅሶ አለቀስኩ፤ አላህ ይማረኝ" አሏቸው።

ፊልሙ በ1975 ዓ.ም. ተጠናቆ ደሴ፣ እሳቸው ትኬት ይሸጡበት በነበረው በዚያው ሲኒማ ቤት ሲታይ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲኒማ ቤት ገባሁ። በወንድሜና በባለቤቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ የእናቲቱ ለቅሶ ደረሰ፤ ፊቷ የወይዘሪት ፀሐይነሽ ነበር፣ ድምፁ ግን የእኛ ነበር። ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ሴት፣ "ጣይባ ናት! ወላሂ ጣይባ ናት!" ብላ ጮኸች፤ ሕዝቡም ተቀብሎ ስማቸውን ይጠራ ጀመር። እኔ የወንድሜን ጋብቻ የተቃወምኩ ሰው እንባዬ በጢሜ ሲወርድ አልጠረግሁትም። በመጨረሻ ግን ስሞች ሲዘረዘሩ የሾፌሩም የወጥ ቤት ሠራተኛውም ስም ወጥቶ የእሳቸው አልወጣም፤ "ለደሴ ሕዝብ ትብብር ምስጋና እናቀርባለን" የሚል ብቻ ታየ። ወንድሜ ተቆጥቶ ሊነሳ ሲል እጁን ይዘው፣ "ተቀመጥ፣ እስከ መጨረሻው እናንብበው፤ ያልተጻፈውን ለመናገር የተጻፈውን ማወቅ አለብኝ" አሉት።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ጣይባ ለፊልሙ ሠሪዎች ደብዳቤ ጽፈው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ወይዘሪት ፀሐይነሽም፣ ይህን ስላደረገች አላህ ይስጣት፣ "የለቅሶው ድምፅ የእኔ አይደለም፣ የወይዘሮ ጣይባ ሙሄዲን ነው፤ አነጋገሩንም አረማመዱንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" ብላ በፊርማዋ አረጋገጠች፤ በዚህም ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሥራ ሳትጠራ ቀርታለች። የተሰጣቸው መልስ ግን ፊልሙ ተባዝቶ ስላለቀ እንደማይታረም፣ ለድምፅ ብቻም ስም እንደማይጻፍ የሚገልጽ ነበር። ወይዘሮ ጣይባ ተመልሰው ሲመጡ ቤተሰቡ በሐዘን ቢቀበላቸው፣ "አልተቀበሉኝም እንጂ ሰምተውኛል። ከእንግዲህ አላወቅንም ማለት አይችሉም" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በወሎ ላይ የደረሰውን የረሃብ መከራ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ መድገም አያሻም። የቦሩ ሜዳ ዘመዶቻቸው ቤታቸውን ሞልተውት በነበረበት በዚያ ወራት፣ አቶ ብሩ ሌላ ፊልም ይዘው መጡና፣ በዚህኛው ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታዩበት ቦታ እንዳዘጋጁላቸው አበሠሯቸው። ወይዘሮ ጣይባ ጽሑፉን ተቀብለው ሲያነቡ ሴቲቱ ስም የላትም፤ ተርባ መንገድ ዳር ትቀመጣለች፣ ትታያለች፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ትሞታለች። ጽሑፉን አጥፈው መለሱላቸውና እንዲህ አሉ፦ "አቶ ብሩ፣ ያኔ ድምፄን ያለ ፊቴ ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ፊቴን ያለ ድምፄ ሊወስዱ መጡ። ቤቴ ውስጥ የተራቡ ዘመዶች አሉኝ። ማታ ማታ ሲጨዋወቱ ይስማቸው፤ ስለ በሬያቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጋብቻ፣ ስለሚዘሩት ዘር ነው የሚያወሩት። ሰው ሲራብ ዝም አይልም። ይህቺ ሴት ስም ይኑራት፣ ትናገር፤ ያን ጊዜ እሠራለሁ።" አቶ ብሩ ይህን የመለወጥ ሥልጣን እንደሌላቸው ተናግረው ሄዱ፤ ቦታውንም ሌላ ሰው ያዘው።

ይህ እምቢታ በወቅቱ ጥያቄም ወቀሳም አስከተለባቸው። "የሕዝብን ሥራ አልሠራም ያለች" ተብለው ቀርበው መልስ እንዲሰጡ ተደረገ፤ ከኪነት ቡድኑም ታገዱ። ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ ቀበሌ እየሄዱ ሲፈርሙ፣ እኔ ፈርቼ "ይቅርታ ጠይቀሽ ብትመለሺስ?" ብላቸው፣ "ጋሽ አብዱልወሀብ፣ ባጠፋ ኖሮ ሳልለመን እጠይቅ ነበር" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በመጋዘን ጸሐፊነት ተቀጥረው እስከ ዕለተ ሞታቸው በታማኝነት አገለገሉ።

በኮምቦልቻ ቀበሌያችን ያለው የኪነት ቡድን ሲጋብዛቸው በሩ ላይ ያገኙት ነገር አዲስ አልሆነባቸውም። ለመድረክ የሚመረጡት ቀላ ያሉና የከተማ አነጋገር የለመዱ ልጆች ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ዛሬ እዚህ መካከላችን የተቀመጠችው፣ ያን ጊዜ ግሩም ድምፅ ያላት ወጣት ብትሆንም ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች በመሆናቸው እሷ የለበሰችውን የመድረክ ልብስ የሚለብስ አልነበረም። ወይዘሮ ጣይባ በመጀመሪያው ልምምድ ቀን ሸዋረጋ አውልቃ ያስቀመጠችውን ቀሚስ አንስተው በሁሉም ፊት ለበሱና፣ "በሉ እንጀምር፣ ይህ ቀሚስ ሞቅ ያለ ነው" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ልብስ የተነሳ ነገር የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ በቡድኑ የማይሰማ የወሎ አነጋገር አልነበረም፤ ከቆላ የመጣው እንደ ቆላው፣ ኦሮምኛ የሚቀላቅለውም እንደ አፉ ይጫወት ነበር።

በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ አቶ ብሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ በዚህ ጊዜ ሰው ልከው ሳያስጠሩ ራሳቸው የፋብሪካው በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ስለ ዓይን ሕመም ለገበሬው የሚያስተምር የሃያ ደቂቃ ፊልም ሊሠሩ ነበር። "ወይዘሮ ጣይባ፣ እርስዎ የሚሉኝን ይዤ ልሠራ ነው የመጣሁት። ከዚህ በፊት የሠራሁት የማስተማሪያ ፊልም በየገጠሩ ሲታይ ሰው 'ይህች ከየት የመጣች ናት?' እያለ ይስቅ ነበር" አሏቸው። ወይዘሮ ጣይባ በወረቀት ላይ የጻፉት ሦስት ነገር ነበር፤ በአነጋገሬ እናገራለሁ፣ ስሜ ከአባቴ ስም ጋር ይጻፋል፣ የሚተባበሩን ገበሬዎችም ስም አንድ ሳይቀር ይጻፋል። አቶ ብሩ ፈረሙ።

ፊልሙ በዘጠኝ ቀን በቦሩ ሜዳና በአካባቢው ተቀረጸ፤ ወይዘሮ ጣይባ የሴት ልጇ ዓይን የታመመባት፣ ሐኪም ቤት መግባት የምትፈራ የገጠር እናት ሆነው ተጫወቱ። በተወለዱበት ቀበሌ አዳራሽ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ሲታይ፣ ያረጁት አባታቸው አቶ ሙሄዲን ከፊት ተቀምጠው ነበር። እኔም ከጎናቸው ነበርኩ። ልጃቸው በሸራው ላይ "አብሽሪ ልጄ" ስትል ሲሰሙ ወደኋላ ዞረው፣ "ድምፁም የሷው ነው?" ብለው ጠየቁ። "አዎ አባባ፣ የራሴው ነው" አሏቸው ከኋላቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ጣይባ። መጨረሻ ላይ "ጣይባ ሙሄዲን" የሚለው ሲነበብላቸው፣ አቶ ሙሄዲን በዚያን ቀን ፊታቸውን በጋቢ አልሸፈኑም።

ወይዘሮ ጣይባ ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በዚያው ዓመት ማብቂያ በያዛቸው የጉበት ሕመም በደሴም በአዲስ አበባም ሲታከሙ ቆይተው፣ ዘይኑን ትምህርቱን እንዳይተው፣ ሸዋረጋን ቡድኑን እንዳትበትን አደራ ብለው፣ በሚያዝያ ወር 1981 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ሸሀዳ ይዘው ወደ ማይቀረው ዓለም ተሻገሩ።

ወይዘሮ ጣይባ አባታቸውን አቶ ሙሄዲንን፣ አክስታቸውን ወይዘሮ ሀምዱን፣ ባለቤታቸውን አቶ በሺርን፣ ልጆቻቸውን መዲናንና ዘይኑን፣ አራት እህት ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም እንደ ልጅ ያሳደጓቸውን የኪነት ባልደረቦች ትተውልን ሄደዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሦስት የገጠር እናቶች ከቦሩ ሜዳ ማዶ መጥተው ከዚህ ድንኳን ገብተው ሲያለቅሱ፣ ከቤተሰቡ የሚያውቃቸው ሰው ስላልነበረ ጠጋ ብዬ ማን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። አንደኛዋ በጀርባዋ ያዘለቻትን ልጅ አውርዳ ዓይኗን እያሳየችኝ፣ "እኛ አናውቃቸውም። ያችን ፊልም አይተን ነው። ሐኪም ቤቱ የከተማ ሰው ቤት ይመስለን ነበር፤ እንደኛ የምታወራ ሴት ስትገባ አየንና እኛም ገባን" አለችኝ። ልጅቷም ዓይኗን ከፍታ እኔን፣ ድንኳኑን፣ ሰዉን ሁሉ ተራ በተራ ታይ ነበር።

ያረቢ፣ የባሪያህን የጣይባ ቢንት ሙሄዲንን ወንጀላቸውን ማርላቸው፣ ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ ብርሃንም አድርግላቸው፣ ማረፊያቸውን ጀነተል ፊርደውስ አድርግላቸው፤ ለአባታቸው ለአቶ ሙሄዲን፣ ለወንድሜና ለልጆቹም ሶብሩንና መጽናናቱን ስጣቸው። አሚን።